በረሃብ የወፈረው ልጅ

ሾሄይ እየወፈረ ነው። ይህን መጀመሪያ ያየችው ቀለም ቀቢዋ ሚዮኮ ናት። አይታ ዝም ብትል ምን ነበረበት! ግን ሚዮኮ ዝም ማለት አልፈጠረባትም። በሐምሌ የተሣለውን ሾሄይ ከታኅሣሡ ሾሄይ ጎን ግድግዳ ላይ ለጠፈችና ስቱዲዮውን በሙሉ ጠርታ፣ «ኑ እስቲ፣ ተአምር እዩ» አለች።

ሾሄይ የሚሠሩት የካርቱን ፊልም ልጅ ነው። እናትና አባቱ በጦርነቱ ጊዜ በቶኪዮ ቃጠሎ ያለቁበት፣ ኡኤኖ ባቡር ጣቢያ ስር ባለው መተላለፊያ የሚያድር፣ ጫማ እየጠረገ ለመኖር ሞክሮ ሳይሆንለት የሚቀር፣ በመጨረሻም በረሃብ የሚሞት ልጅ። ወረቀቱ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጧል። በሐምሌው ሥዕል ላይ፣ ገና እናቱ በሕይወት እያለች፣ ጉንጩ ገብቶ አጥንቱ ይቆጠራል። በታኅሣሡ ላይ፣ እህል የሚባል ነገር ከአፉ ከራቀ በኋላ፣ ጉንጩ ሞልቶ ከአገጩ ስር ሌላ አገጭ ሊጀምር ምንም አልቀረውም።

«ይቅርታ አድርጉልኝና» አለች ሚዮኮ፣ «ይሄ ልጅ የሚሞተው በረሃብ ነው ወይስ በቁንጣን?»

ሁሉም በሳቅ አውካካ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፦ ዳይሬክተሩ ሂዳካና ሾሄይን የሚሥለው ኖቡያ። ኖቡያ ሳያስበው እጁን ወደ ጉንጩ ሰደደ። ጉንጩ እጁን ሞላው።

ነገሩ ወዲህ ነው። የካርቱን ሠዓሊ ጠረጴዛው ላይ መስታወት አያጣም። የሚሥለው ሰው ሲቆጣ እሱም ይቆጣል፣ ሲያለቅስ እሱም ፊቱን ያኮማትራል፣ ያየውንም ወረቀት ላይ ያወርዳል። ኖቡያ ከትውልድ አገሩ ከአኪታ በመጣ ሰሞን የሚያድረው ጠረጴዛው ስር፣ የሚበላውም የኩባያ ኑድል ነበር፤ እሱም ሲገኝ። ሂዳካ አንድ ቀን ፊቱን ትክ ብሎ አየውና፣ «ለሾሄይ ሌላ ሰው አልፈልግም፤ ላንተ መስታወት ይበቃሃል» ብሎ ልጁን ሰጠው። ኖቡያም ኮራ። በክሳቱ የሚኮራ ሰው አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ ያን ሰሞን እሱን ማየት ነበረባችሁ።

ከዚያ ግን ኖቡያ ቤት ተከራየ። የተከራየውም እትዬ ፉሳኤ ዘንድ ነው። እትዬ ፉሳኤ የበሰለ ምግብ ይሸጣሉ፤ ከሱቁ በላይ ያሉትን ክፍሎች ያከራያሉ። ድምፃቸው ከጎዳናው ማዶ ይሰማል። እሳቸው ቤት አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ሳህኑን ያልጨረሰ ሰው ከበር አይወጣም። «ና አንተ ቀጫጫ፣ ተቀመጥ» ይሉታል፤ ይቀመጣል። «ጨመር ላርግልህ?» የሚለውን የሚጠይቁት ከጨመሩ በኋላ ነው። እንግዲህ ሾሄይ ምን ያድርግ፣ ወፈረ።

«ስማ» አለ ሂዳካ ሳቁ ሲበርድ። «ሾሄይ መተላለፊያው ውስጥ ተኝቶ በዚያው የሚቀርበትን ትዕይንት ዓርብ እንጀምራለን። እስከዚያ ይሄን ጉንጭ አጥፋልኝ፤ ካስፈለገም አትብላ። ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ።»

«ጋሼ፣ መስታወቱን ትቼ በሐሳቤ ልሣለው?»

«ሞክር እስቲ።»

ሞከረ። ጉንጩን ጎደጎደው፣ አንገቱን አቀጠነው፤ ዓይኑ ግን ምሳውን በልቶ ሻዩን የሚጠብቅ ሰው ዓይን ሆኖ ቀረ። ደመሰሰ፣ ሣለ፣ ደመሰሰ፤ ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ተቀደደ። ይህን ትዕይንት ደግሞ ከጸደይ ጀምሮ ሲጠብቀው የኖረ ነው። ለእናቱም በስልክ፣ «የፊልሙን መጨረሻ የምሠራው እኔ ነኝ» ብሎ ነግሯታል፣ እሷም ለመንደሩ ሁሉ አውርታለች። አሁን ለሌላ ሰው ተሰጠ ቢባል አኪታ በምን ፊቱ ይሄዳል? ስለዚህ መክሳት ነበረበት።

ሰኞ ማታ ገና ከበሩ ሲገባ ሆዱን ይዞ፣ «እትዬ፣ ሆዴን ቆርጦኛል፤ ዛሬ አልበላም» አለ።

«አይዞህ፣ የኔ ልጅ!» አሉና አንድ ማሰሮ የሩዝ አጥሚት ሠሩለት። አጠገቡ ተቀምጠው እስኪጨርስ ጠበቁት።

ማክሰኞ ሌላ መላ መጣለት። «እትዬ፣ ስለት አለብኝ። ለቡድሃ እስከ ዓርብ ልጾም ቃል ገብቻለሁ።»

«የትኛው ቡድሃ ነው አንተን ጹም ያለህ? የቤተ መቅደሱ መነኩሴ ራሳቸው ዛሬ ከኔ ሱቅ የድንች ጥብስ ገዝተው መንገድ ላይ ሲበሉ ነው ያየኋቸው። እሳቸው ያልጾሙትን አንተ ልትጾም? ብላ ይልቅ፣ እንዳይቀዘቅዝ!»

ረቡዕ ጠዋት እትዬ ፉሳኤ ሳይነሱ ሹልክ ሊል ደረጃውን በእግር ጣቱ ወረደ። ከበሩ ስር ጫማው የለም። ከማድ ቤት ድምፅ መጣ። «ጫማህ እኔ ጋ ነው። ሳህንህ ባዶ ሲሆን ይመለስልሃል።» ኖቡያ በላ። ምን አማራጭ አለው? ያውም ዓሣው ጣፍጦት ነበር፤ ይሄ ነው ይበልጥ ያናደደው።

ሐሙስ ጫማ የሚባለውን ነገር እርግፍ አድርጎ ትቶ በቤት ነጠላ ጫማ ወጣ። በዚያ ብርድ፣ ጣቶቹ እንደ ቲማቲም ቀልተው ስቱዲዮ ደረሰ። ምሳ ሰዓት ላይ ሆዱ ሲጮህ መስታወቱን አየና ደስ አለው። ጉንጩ እንዳለ ነው፤ ዓይኑ ላይ ግን የሆነ ነገር ብቅ ማለት ጀምሯል። እርሳሱን አነሳ።

ያን ጊዜ በሩ ተከፈተ። እትዬ ፉሳኤ ናቸው፤ በአንድ እጃቸው ጫማውን፣ በሌላው በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ይዘዋል።

«ኖቡያ! በነጠላ ጫማ ልትሞትብኝ ነው? ሰው ምን ይለኛል፣ ጫማ ሸጣበት ነው የሚለኝ!»

ሚዮኮ ሳቋን ለመደበቅ ብሩሿን ነከሰች። ሂዳካ ግን ከመቀመጫው ተነሳ። «እርስዎ ነዎት ፊልሜን የሚያበላሹት?»

«እኔ ሩዝ ነው የማበስለው። ፊልም ምኑን አውቄ ነው የማበላሸው?»

«ልጁን እያወፈሩብኝ ነዋ! እስከ ዓርብ እንዳይበላ ብዬው ነበር።»

እትዬ ፉሳኤ ምሳ ዕቃውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንቱታውም እዚያው ላይ ቀረ። «ልጅ አትብላ ያልከው አንተ ነህ?»

«ለሥራው ሲባል ነው፣ እትዬ። ይኸው ይዩት» ብሎ ሂዳካ ግድግዳውን አሳያቸው።

ኖቡያ ሮጦ ሊሸፍነው ፈልጎ ነበር። የምን ፊልም እንደሚሠራ ነግሯቸው አያውቅም፤ «የልጆች ካርቱን ነው» ብሎ ነው ያለፈው። ጦርነቱ ያበቃበት ነሐሴ መጥቶ ቴሌቪዥኑ ስለ ጦርነቱ ማውራት ሲጀምር እትዬ ፉሳኤ ሶኬቱን እንደሚነቅሉ የሠፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ለምን ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም። አሁን ግድግዳው ፊት ቆመዋል።

ከሐምሌው ጀምረው ሥዕሎቹን አንድ በአንድ አዩ። የመጨረሻው ጋ ሲደርሱ፣ ሾሄይ ምሰሶ ተደግፎ የተኛበት ጋ፣ ቆሙ።

«ኡኤኖ ነው» አሉ። ድምፃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አለ። «እኛ የነበርነው ከዚህ ትንሽ ወዲያ ነው። ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ይሞቅ ስለነበር።»

ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አደረጉ።

«ማነው የሚሥለው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ ኖቡያ።

«አንተ። እርሳሱ በእጅህ ነው?»

«አዎ።»

«ወረቀትም አለህ?»

«አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አትሰጠውም?»

«ምኑን?»

«ምግብ ነዋ!» ብለው ጮኹ። «ምግብ! ልጁ ርቦታል አይደል? አታየውም?»

ሂዳካ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እውነቱ እንዲህ ስለነበረ ነው። ሰው አይቶ እንዲያውቀው ብለን...»

«እንዴት እንደነበረማ ለኔ አትንገረኝ። ያኔ በዚያ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ባዶ እጁን ነበር፤ ማንንም አልቀየምም። እናንተ ግን አላችሁ። ሳጥን ሙሉ እርሳስ አላችሁ! ከሐምሌ ጀምሮ ይሄን ልጅ በየቀኑ ስታዩት፣ አንድ ሰው ይጥፋ አንድ ጎድጓዳ ሩዝ የሚሥልለት?»

ለዚህ መልስ አይጠፋም ነበር። ፊልም ነው፣ ልጁ የለም፣ ወረቀት ሆድ የለውም ማለት ይቻላል። ሂዳካ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ግን ተመልሶ ቁጭ አለ። ኖቡያ ጆሮው ድረስ ቀላ። ስንት ወር ሙሉ የሾሄይን ረሃብ ሲያጠና የከረመ ሰው፣ ያሳሰበው ጉንጩ ብቻ ነበር። አፈረ፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

ተቀመጠና ንጹሕ ወረቀት ሳበ። ሩዝ የተሞላ ጎድጓዳ ሳህን ሣለ።

«ትንሽ ነው» አሉ እትዬ ፉሳኤ ከጀርባው። «ቆልለው።»

ቆለለው።

«እንደ ጦርነቱ ጊዜ ገብስ ነው የቀላቀልክበት?»

«ጥላ ነው፣ እትዬ።»

«አጥፋው። ነጭ ይሁን። እንፋሎትም አውጣበት፣ ከእሳት የወረደ ነው። ሾርባው የታል? ዓሣስ? ዓሣ አትችልም?»

«እችላለሁ።»

«ጭራውን ምን አሳነሰው? አንዱን ዓሣ እኮ ነው የምትሥለው፣ ቆጥበህ ለማን ልታተርፍ ነው!»

አሁን ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ሚዮኮ ማንም ሳያዛት ቀለም አመጣች። አንዱ «እንቁላል ይጨመርበት» አለ፣ ሌላው የአኩሪ አተር አይብ አስታውሶ «ቶፉ ተረሳ» አለ፤ ስቱዲዮው የሠርግ ቤት ማድ ቤት መሰለ። ኖቡያ በመጨረሻ ሾሄይን ከምግቡ ፊት አስቀመጠው። ሾሄይ አፉን ሞልቶ፣ ጉንጩን ነፍቶ ይበላል፤ ማንም ወፍሯል አላለም።

እነዚያ ወረቀቶች ፊልሙ ውስጥ የሉም፤ ሾሄይ ፊልሙ ላይ እንደተጻፈለት ሞቷል። ያንን የሣለው ኖቡያ ነው። ሂዳካ በዚያው ሐሙስ፣ «ትዕይንቱን ምን ላድርገው?» ብሎ ሲያጉረመርም እትዬ ፉሳኤ ቀድመው፣ «እሱ ይሣለው። ግን በልቶ። ያን ነገር በባዶ ሆድ ማየት አይቻልም» አሉት። ሂዳካ ትንሽ አሰበና ምሳ ዕቃውን ወደ ኖቡያ ገፋው። ዓርብ ኖቡያ ጠግቦ ተቀመጠ። መስታወቱን ዘወር አድርጎ የሾሄይን ፊት ሲሥል እያለቀሰ ነበር፤ የልጁ ጉንጭም እንደሚፈለገው ገባ።

ሐሙስ ዕለት ግን እትዬ ፉሳኤ ወዲያው አልሄዱም። ጫማውን አድርጎ ካዩት በኋላ በሩ ጋ ደርሰው ተመለሱ።

«አንድ ልጅ ጨምርልኝ» አሉ። «ከጎኑ።»

«ማንን?»

«ኢሳሙን። ወንድሜን። ከዚህኛው ያንሳል፣ ትንሽ ነው።»

«ፎቶ አለዎት?»

«ቤቱ ተቃጥሎ ፎቶ ከየት ይመጣል?»

«እሺ፣ መልኩን ይንገሩኝ።»

እትዬ ፉሳኤ አፋቸውን ከፈቱ። «ጆሮው ትልቅ ነበር» አሉ። «ዓይኑ... አፍንጫው... የለም። ጠፋብኝ። ከኔ ሌላ ደግሞ የሚያውቀው ሰው የለም።» እጃቸው ሽርጣቸውን ጨብጦ ይዟል። አንጀት ይበላሉ።

ኖቡያ እርሳሱን አነሳ። ከዚያ ከሾሄይ ጎን አንድ ትንሽ ልጅ አንበረከከ። ጉልበቶቹን ገጠመለት። ሁለቱን እጆቹን ሣለና ጎድጓዳውን ሳህን አስይዞ ወደ አፉ አስነሳው፤ ርቦት የሚበላ ልጅ ሳህኑን እንደሚያነሳው። ከሳህኑ በላይ የተንጨፈረረ ፀጉር፣ ከግራና ከቀኝ ሁለት ትልልቅ ጆሮዎች። ፊቱ ሳህኑ ውስጥ ገብቶ አይታይም።

እትዬ ፉሳኤ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ።

«ኢሳሙ» አሉ፣ «ቀስ ብለህ ብላ። ማንም አይወስድብህም።»