ጠማማ አፍንጫ ያላቸው በራዶች

«ሹፌሩ! አንተ ሹፌሩ! ና እዚህ!»

ጩኸቴ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ይሰማ! ባሌ ጡረታ እስኪወጣ አውቶቡስ ሲነዳ ስለኖረ እኔም ሰፈሩም ሹፌሩ ነው የምንለው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን ሙሉ እግር እግሬን ይከተለኛል። የሸክላ መሥሪያ ክፍሌ ውስጥ ግን ምንም ነገር እንዳይነካ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

ነክቷል። መደርደሪያው ላይ ጠንከር እንዲሉ የተውኳቸውን የሻይ በራዶች በአውራ ጣቴ ስዳብስ፣ ሻይ የሚቀዳበት አፍንጫቸው ጫፉ እኩል ተስተካክሏል። እኔ የቆረጥኳቸው በሰያፍ ነበር።

«ማነው የነካቸው?»

«እኔ ነኝ» አለ በሩ ላይ ቆሞ። «ጠማማ ነበሩ። በቢላ ቀስ ብዬ አቃናኋቸው።»

«ማን አቃና አለህ? አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ? አፍንጫው መሽከርከሪያ ላይ ሲሠራ ጭቃው ይጠመዘዛል። እሳት ሲያገኘው ደግሞ መዞሩን ይቀጥላል። በሰያፍ የምቆርጠው እሳቱ ራሱ እንዲያቃናው ነው! አሁን ሁሉም ጠማማ ሆኖ ይወጣል። ገደልከኝ!»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዓይንሽ መስሎኝ ነው» አለ። «አላየችውም ብዬ፤ ልጃችን ሳታይብሽ ላስተካክልልሽ ብዬ።»

ይሄኛው ከበራዶቹ በላይ አመመኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚህ በፊት ከምድጃው ያወጣሁት ሁለት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። አንዴ ግሌዙ፣ ያ ቀልጦ መስታወት የሚሆነው ቅብ፣ ከልክ በላይ ፈሶ ዕቃውን ከምድጃው ንጣፍ ጋር አጣበቀው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሳይቀልጥ ቀርቶ ሁሉም ሻካራ ሆነ። እኔ በምድጃው ጋዝ አሳበብኩ። ልጄ ግን ሞኝ አይደለችም። «እማዬ፣ ዓይንሽ ደክሟል። የአሁኑም ከተበላሸ ምድጃውን እንሸጥና እኔ ጋ ትገባላችሁ» አለችኝ። አምልጦኝ እሺ አልኳት። በራዶቹን ያዘዘው የሻይ ቤት ባለቤትም «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይሄ ካልሆነ ከፋብሪካ ነው የምገዛው» ብሎኛል። ታዲያ እኔ በልጄ ሳሎን ተጎልቼ ግድግዳ ላይ ላፍጥ? በቁሜ አይደረግም!

«ውሃ አምጣ» አልኩት። «ጨርቅም። ምን ታየኛለህ?»

በራዱ ከደረቀ አዲስ አፍንጫ አይቀበልም፤ ይሰነጠቃል። በእርጥብ ጨርቅ ጠቀለልናቸው። እሱ ያቃናቸውን በሙሉ ነቅዬ ጣልኩና መሽከርከሪያው ላይ ተቀመጥኩ። ለዚህ ሥራ ዓይን አያስፈልገኝም፤ ጭቃው መሃል መያዙን መዳፌ ያውቃል። ሹፌሩን ጭቃ እንዲያቦካ አደረግሁት።

«ጠንከር አድርገህ እሸው! አየር ከቀረበት እጄ ላይ ይዘላል።»

«እሺ፣ አለቃ።»

«አለቃ አትበለኝ።»

የሚጣበቅበትን ቦታ ጫርኩ፣ በቀጭን ጭቃ ቀባሁ፣ አፍንጫዎቹን ገጥሜ በሰያፍ ቆረጥኳቸው። በዝግታ ደረቁ፤ ከዚያ ያለ ግሌዝ የሚገቡበትን የመጀመሪያውን እሳት በደህና አለፉ። ግሌዝ ውስጥ እየነከርኩ ስሰጠው «ቂጡን ጥረግ! ቂጡ ላይ ከቀረ ይጣበቃል!» እያልኩ ነፍሱን አወጣሁት። ጠርጎ ጠርጎ ጣቶቹ ነጡ።

የግሌዙ እሳት ቀን ደረሰ። ምድጃው ውስጥ፣ ከበሩ ቀዳዳ ትይዩ ሦስት ሾጣጣ የሸክላ ዘንጎች አቁሜያለሁ። ሙቀቱ ሲደርስላቸው በየተራ ይጎነበሳሉ። መሃለኛው ጎንበስ ብሎ ጫፉ መሬት ሲነካ ጋዙ ይዘጋል፤ ቀድሞ ቢዘጋ ሻካራ ነው፣ ቢዘገይ መጣበቅ ነው። ጥቁሩን መነጽር አድርጌ ጎንበስ አልኩ። ብርሃን ብቻ። መነጽሩን በቀሚሴ ጠርጌ እንደገና አየሁ። ያው ብርሃን። ያለፉትን ሁለት ጊዜያት በግምት ነበር የዘጋሁት። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለራሴም።

ሹፌሩ ከኋላዬ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። አውቋል። ብሞት አልጠይቀውም ብዬ ነበር። ምድጃው ግን እኔን አይጠብቅም።

«ና እይልኝ» አልኩት።

«እኔ? አትንካ አላልሽኝም?»

«አትንካ አልኩህ እንጂ አትይ አልኩህ? መነጽሩን ያዝ!»

ጎንበስ አለ። እኔ የጋዙን መዝጊያ ጨበጥኩ።

«አንደኛው ወድቋል። መሃለኛው ቆሟል።»

«ቀጥ ብሎ?»

«ቀጥ ብሎ... አይ፣ ጫፉ ዘንበል ብሏል።»

«ትንሽ ነው ብዙ? በደንብ ንገረኝ እንጂ!»

«ትንሽ። ቆይ... ቆይ አንቺ ሴትዮ፣ አታጣድፊኝ። እየወረደ ነው... አሁን! ጫፉ መሬት ነካ!»

ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ስለ አንዱም በራድ የማውቀው ነገር አልነበረም። በእሱ ቃል ነው የዘጋሁት።

ምድጃው ቀዝቀዝ እስኪል ማንንም አላስጠጋሁም። ስንከፍት ልጃችን መጣች፤ ዕቃችንን የምትጭንበትን መኪና እስከመነጋገር ደርሳለች። አንዱ በራድ እጀታው ላይ ተሰንጥቋል። ሌሎቹ ልስልስ ብለዋል፤ አፍንጫቸውን ዳበስኩ፣ ቀጥ ብሏል። ልጄ አንዱን አንስታ እያገላበጠች ቆየችና ተነፈሰች።

«ተመስገን! በከንቱ ነው ለካ ያማሁሽ። ዓይንሽ ደህና ነው።»

ሹፌሩ ክርኔን ነካ አደረገኝ፤ ተይው ማለቱ ነው። መተው እችል ነበር።

«አይደለም» አልኳት። «ምድጃው ውስጥ ማየት ካቆምኩ ቆየሁ። ያኔ ሁለቴ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ጋዙ አይደለም። ይሄን ያየው አባትሽ ነው።»

«ታዲያ፣ እማዬ...»

«ታዲያ ምን? እጅ የኔ፣ ዓይን የሱ። ምድጃዬ አይሸጥም፣ እኔም የትም አልሄድም! ዓይኔ ጨርሶ ቢጠፋም ጭቃው እጄ ላይ ነው።»

ልጄ በራዱን እንደያዘች አባቷን አየችው።

«አባዬስ ዓይኑ ሲደክም?»

«ያኔ አንቺ መጥተሽ ታያለሽ።»

እንባዋን በክንዷ ጠረገች፣ ጃኬቷን አወለቀችና የቀሩትን በራዶች ማውጣት ጀመረች።

«ቀስ በይ!» ብዬ ጮህኩባት። «ከውስጥ ያሉት ገና ትኩስ ናቸው!»