በሁለቱም ብሮሹር ላይ የነበረችው ልጅ

ሁለት አዳሪ ትምህርት ቤቶች በአንድ ሳምንት ውስጥ «ልጅዎን ተቀብለናል» ብለው ሲጽፉለት፣ ጥርስ ሠሪው የተደሰተው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። በማግስቱ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ እንደሚያስፈልግ ገባው። ሁለቱም ባሕር ማዶ ናቸው። ሁለቱም ከትምህርቱ እስከ አልጋው ሙሉ ስኮላርሺፕ ሰጥተዋል። ሁለቱም መልስ የሚጠብቁት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። አንዱ ሐይቅ ዳር፣ ሌላው ኮረብታ ላይ ከመሆናቸው በቀር የሚለያቸውን ነገር ቤተሰቡ ሦስት ቀን ፈልጎ አጣ።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ «ምርመራ» ይሏታል። አፏን ከፈታች ጀምሮ ጥያቄዋ ማለቂያ ስላልነበረው፣ አባቷ አንድ ቀን ተማሮ «ይቺ ልጅ ናት ወይስ ምርመራ?» አለ፤ ስሙ በዚያው ጸና። እሱ ራሱ በቤቱ የፊት ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ደንበኞቹ «ዶክተር» ይሉታል። «ዶክተር አይደለሁም፣ ቴክኒሻን ነኝ» ይላቸዋል። «እሺ ዶክተር» ይሉታል።

እናትየው ፋርማሲስት ናት። ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት ማንበብ ከጀመረች የፋብሪካው ስልክ ቁጥር ላይ ሳትደርስ አታቆምም። በፖስታ የመጡትን ሁለት ወፋፍራም ብሮሹሮችም እንዲሁ ከዳር እስከ ዳር አንብባ ስታበቃ ልቧ ወደ ሐይቁ አደላ።

«ሃያ አራት ሰዓት ነርስ አላቸው» አለች።

«ኮረብታው ይሻላል፤ አገሩን ዐውቀዋለሁ» አለ ወንድሟ። የምርመራ አጎት በዚያ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ስድስት ሰዓት ትራንዚት አድርጎ ያውቃል።

«ሕዝቡ እንዴት ነው?» አለችው ምርመራ።

«ይቸኩላል» አለ አጎቷ።

ጥርስ ሠሪው ሁለቱንም ብሮሹር ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባ። የአንድ ጡረተኛ ሰውዬ ድድ ልክ ላይ ጀሶ አፍስሶ ነበርና፣ እስኪደርቅ እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ብሎ ፎቶዎቹን ማገላበጥ ያዘ። ሌላ ሰው ፎቶ ሲያይ መጀመሪያ ዓይን ያያል፤ እሱ የሚያየው ጥርስ ነው። የሐይቁ ብሮሹር ገጽ ዘጠኝ ላይ አንዲት ልጅ ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ የላቦራቶሪ ብልቃጥ ይዛ ትስቃለች። የላይኛው ግራ ክራንቻዋ ትንሽ ወደ ውጭ ዞር ብሏል። ከፊት ጥርሶቿ አንዱ ጫፉ ላይ የሩዝ ፍሬ ያህል ተሸርፏል። «ይቺን ባገኛት በአሥር ደቂቃ እሞላላት ነበር» ብሎ ዐሰበና ገለጠ።

የኮረብታው ብሮሹር ገጽ አራት ላይ ደግሞ አንዲት መነጽር ያደረገች ልጅ ዛፍ ሥር መጽሐፍ ይዛ ትስቃለች። ያው ክራንቻ ነው። ያው ሽራፊ ነው።

ማጉያውን ዓይኑ ላይ አደረገ፤ አወለቀ፤ ጠርጎ እንደገና አደረገ። ከዚያ ቤተሰቡን ጠራ።

«አንተ ደግሞ! ሰው ከሰው ይመሳሰላል» አለች ሚስቱ።

«ፊቱስ ይመሳሰል። እንዲህ ያለ ጥርስ ግን ሁለት ሰው ላይ አይበቅልም።»

«መንታ ይሆናሉ» አለ አጎት።

«መንታ ቢሆኑስ? ተያይዘው ወድቀው አንድ ቦታ ላይ ተሸረፉ?»

አጎት አልተረታም። «እንግዲያው አንዱን ትምህርት ቤት ለቃ ወደ ሌላው ሄዳ ይሆናላ!»

«የቱን ለቃ?» አለች ምርመራ።

 ከሦስት ቀን ክርክር በኋላ በዚያ ቤት የተነሣ የመጀመሪያው ቁም ነገር ይህ ነበር።

ምርመራ ጊዜ አላጠፋችም። ለሁለቱም ትምህርት ቤቶች አንድ ዓይነት ኢሜይል ጻፈች። በብሮሹራችሁ ላይ የምትስቀው ተማሪ የእናንተ ናት ወይ? ከሆነች ላነጋግራት እፈልጋለሁ፤ ካልሆነች ማን ናት? እናቷ ከኋላዋ ቆማ እያነበበች እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በፈጠረሽ! በአንዲት ሽራፊ ጥርስ ዕድልሽን ልታበላሺ ነው? ቅር ቢላቸውስ?»

«እማዬ፣ በዚህ ቅር የሚላቸው ከሆነ ከመሄዴ በፊት ባውቀው አይሻልም?»

እናትየው ወደ ባሏ ዞረች። «ይኼን ሁሉ ያመጣኸው አንተ ነህ።»

«እኔ ጥርስ ነው ያየሁት» አለ ባልየው።

የሐይቁ ትምህርት ቤት በማግስቱ መለሰ። መልሱ አንድ ገጽ ተኩል ነው። ስለ ጥያቄዋ አመስግነዋት፣ ጠያቂ አእምሮ የትምህርት ቤቱ ምሰሶ መሆኑን ገልጸው፣ በገጽ ዘጠኝ ላይ ያለችው ተማሪ «የማኅበረሰባችንን መንፈስ የምትወክል» ናት ይላል። ፋርማሲስቷ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«አዎም አላሉ፣ አይደለምም አላሉ» አለች፣ ቅር እያላት።

ከኮረብታው ለስድስት ቀን ምንም አልመጣም። «ይኸው፣ አስቀየምሻቸው» አለች እናት። አጎትም አገሩ ከጥንትም ደስ እንዳላለው ተናገረ። በሰባተኛው ቀን ግን ከሴት ተማሪዎች ዶርም ኃላፊ አጭር ደብዳቤ መጣ። ምርመራ እየተረጎመች ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

«ጥያቄሽ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ከርሞ፣ የሚመልስ ሰው ሲጠፋ እኔ ጋ ደረሰ። ልጅቷ የእኛ አይደለችም፤ ፎቶው የተገዛ ነው። ፎቶ አንሺው የመጣ ዕለት የእኔ ልጆች ግማሾቹ ጉንፋን ይዟቸው ተኝተው ነበር፤ ግማሾቹ የሒሳብ ፈተና ወድቀው ያለቅሱ ነበር። በስልኬ ያነሣኋቸውን አንድ ፎቶ ልኬልሻለሁ። ክፍሎቹ በብርድ ወራት ይቀዘቅዛሉ። አዲስ ልጆች የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ያለቅሳሉ፤ ቢሮዬ ውስጥ ለዚሁ የሚሆን ሶፋ አለ። ሌላ ጥያቄ ካለሽ ጻፊልኝ።»

ፎቶው ላይ ሰባት ልጃገረዶች ኮሪደር ውስጥ ቆመዋል። አንዷ ዓይኗን ጨፍናለች፤ አንዷ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላለች። ጥርስ ሠሪው ፎቶውን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ረዥም ጊዜ አየው።

«ሦስቱ ሽቦ አሳስረዋል» አለ በመጨረሻ። «የዚህችኛዋ የፊት ጥርስ ተተክቶላት ነው። ጥሩ ሥራ ነው።» ከዚያ በፊት የሌላ ሰው ሥራ ሲያመሰግን የሰማው የለም።

«ይቀዘቅዛል እኮ ነው የምትለው!» አለች እናት። «የሐይቁ ነርስ አለው።»

ምርመራ ላፕቶፑን ዘጋችና ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ አንድ መድኃኒት ላይ ‹ምንም ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት የለውም› የሚል ወረቀት ብታገኚ ትሸጪዋለሽ?»

«እኔ እንጃ» አለች እናት። ቆይታ ደግሞ፣ «አልሸጠውም» አለች። አሁንም ቆይታ፣ «ይቺ ልጅ ተንኮለኛ ናት» ብላ ተነሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብስ መፈለግ ጀመረች። በዚያ ቤት ውሳኔ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ምርመራ ለዶርም ኃላፊዋ ሃያ ሦስት ጥያቄ ላከች። ሃያ ሁለቱ ተመለሱ፤ አሥራ ሰባተኛውን «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ» አለቻት። ልጅቷ ከሁሉም ይልቅ ይቺኛዋን መልስ ወደደቻት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሦስቱም ከበዋት የኮረብታውን ቅጽ ሞልታ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ተጫነች። አጎት አጨበጨበ።

ጥርስ ሠሪው ወደ ሥራ ክፍሉ ሄደ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ልጁ ትምህርት ቤት እየመረጠች እንጂ ከቤት እየወጣች አልመሰለውም ነበር። ክርክሩ ቢሰለቸውም፣ ክርክሩ እስካለ ድረስ ልጅቷ ሳሎን ውስጥ ነበረች።  ጀሶ በጠበጠ፤ ቀጠነበት። እንደገና በጠበጠ፤ ጠጠረበት። ሦስተኛውን ሊጀምር ሲል ምርመራ ገብታ በርጩማ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?»

«ጀሶው ነው።»

«ጀሶው ምን ሆነ?»

«አንቺ ልጅ፣» አለ እጁን እያራገፈ፣ «ዛሬ እንኳ አትጠይቂኝ።»

አልጠየቀችውም። የጀሶውን ሳህን አንሥታ አጠበችለት። እስኪመሽ ድረስ ሁለቱም አብረው ሠሩ፤ የጡረተኛው ጥርስም በቀጠሮው ደረሰ።

ሸኝተዋት በተመለሱ በሁለተኛው እሑድ ከሰዓት በኋላ በቪዲዮ ደወለች። ብርዱ እንደተባለው ነው። ሶፋው አለ፤ ግን እሷ በደረሰች ጊዜ ሁለት ልጆች ቀድመውባት ስለነበር ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አሁን ደኅና ናት። አጠገቧ ያለችው የመኝታ ክፍል ጓደኛዋም በዚያው ስልክ ላይ በሌላ አገር ያለችውን እናቷን ጠርታ ነበርና፣ ስክሪኑ ለሁለት ተከፈለ። የአውቶቡስ ሾፌር ዩኒፎርም የለበሰች ወፍራም ሴትዮ ብቅ አለች። ሁለቱ ልጆች እናቶቻቸውን አስተዋወቁ። ወዲያው ደወል ተደወለና ስልኩን አልጋ ላይ ወርውረው ወደ ምግብ አዳራሽ በረሩ።

ሁለቱ እናቶች ተፋጠው ቀሩ። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አንድ ቃል አታውቅም። መዝጋቱ ነውር መስሎ ስለታያቸው ግን የዘጋች የለችም። ፋርማሲስቷ ሳሎኑን አዙራ አሳየች። ሾፌሯም አውቶቡሷን ከመሪው እስከ ኋላ ወንበር አሳየች። ከዚያ ሁለቱም በየቋንቋቸው ያወሩ ጀመር።

ጥርስ ሠሪው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሲገባ ሚስቱ ስልኩን እየዘጋች ነበር።

«ምን ተባባላችሁ?» አላት።

«እኔ እንጃ። የእሷም ልጅ ቁርስ አትወድም መሰለኝ።»

«በምን አወቅሽ?»

«እንዲሁ ያስታውቃል» አለች ሚስቱ። «ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጣጥረናል።»