የላፕቶፕና የቻርጀር ሽምግልና

ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለውን ኮርስ አንዴ ወድቄበታለሁ። ዘንድሮም ከወደቅኩ ከዩኒቨርሲቲ መሰናበቴ ነው። የቀረኝ ተስፋ የቡድን አሳይመንት ነበር፤ ርዕሱ «ዴድሎክ»፣ ማስረከቢያው ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት። ዴድሎክ ማለት ሁለት ፕሮግራሞች የያዙትን ሳይለቁ አንዱ የሌላውን ሲጠብቅ ኮምፒዩተሩ ደርቆ ሲቀር ነው።

እኛም ኦሎምፒያ ካፌ ውስጥ ደርቀን ተቀምጠናል። ጽሑፉ በቡድናችን አባል በሪሐና ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ባትሪው ስለሞተ ያለ ቻርጀር አይነሳም፤ የሚገጥመው ቻርጀር ደግሞ የሦስተኛው አባላችን የኤልዳድ ነው። ሁለቱ ከትናንት ጀምሮ ተኳርፈዋል።

«በቃ፣ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቀኝ!» አለች ሪሐና ላፕቶፗን አቅፋ።

«እሷ ትጠይቀኝ!» አለ ኤልዳድ የቻርጀሩን ገመድ እጁ ላይ ጠምጥሞ።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ነው መፍትሔው ብዬ የሰፈራችንን አስታራቂ፣ ጋሽ ወልደአማኑኤልን፣ የአሳይመንቱን ነገር መንገድ ላይ እያስረዳኋቸው ከካዛንቺስ በታክሲ ይዣቸው መጣሁ።

«መያዣ አምጡ!» አሉ ገና ሳይቀመጡ። የድሮ ሽማግሌ ናቸው፤ መያዣ ሳይቀበሉ ነገር አይሰሙም። ላፕቶፑንም ቻርጀሩንም ወስደው ጭናቸው ላይ አደረጉ። ደስታዬን አልቻልኩትም፤ ከሁለቱም በላይ ያለ አካል ንብረቱን ነጥቆ ዴድሎኩን ፈታው ማለት ነው።

«በሉ ይስጡን፣ ጋሼ።»

«እርቅ ሳይወርድ? የጠቡ መነሻ ምንድነው?»

«ጽሑፏ የሕፃን ሥራ ነው ብሏል» አለች ሪሐና።

«እኔ? ማለቴ... አንቺ አይደለሽ እንዴ ሰነፍ ነው ያልሽኝ?» አለ ኤልዳድ።

«ማን ነገረህ?» አሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል።

«ሔኖክ።»

«አንቺንስ?»

«ሔኖክ።»

ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ልናገር፤ እልህ ከያዛቸው ተሽቀዳድመው ይሠራሉ፣ እኔም ሳልደክም አልፋለሁ ብዬ ነው ወሬውን ያመላለስኩት።

ሁለቱ ወዲያው ይቅር ተባባሉ። ጋሽ ወልደአማኑኤልም ላፕቶፑንና ቻርጀሩን ወደ እኔ ገፉ።

«ካሳውን የምትክሰው አንተ ነህ። የቀረውን ብቻህን ትጽፋለህ።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ዴድሎክን ከትርጉሙ በላይ አላውቀውም!»

«ሁለት ጓደኛሞችን እንዲህ አቆላልፈህ አላውቅም ትለኛለህ? ጻፍ!»

ጆሮዬ በሐፍረት እየጋለ፣ ማንንም ሳልጠይቅ አራት ገጽ ጻፍኩ። ለአስራ አንድ አምስት ጉዳይ ላይ ሪሐና አንብባ ጨረሰች፤ አንድም ቃል ሳታርም ላከችው።