ዋኘው አምባ ጊዮርጊስ ላይ የተናገረው

በ1997ቱ ምርጫ ለፓርላማ ሲወዳደር ጎንደር ውስጥ ዋኘውን የማያውቅ አልነበረም። የታሪክ መምህር ነው፤ እሱ ሲያስተምር ተማሪው ደወሉን እንኳ ይረሳል። ቅስቀሳውን የምትመራለት የሥራ ባልደረባው ሒክማ ግን አንድ ነገር ያሳስባት ነበር፤ ሰውዬው አይዘጋጅም።

አምባ ጊዮርጊስ ላይ ስብሰባ ሲጠራ ሒክማ ቀድማ ሄዳ የአገሩን ሽማግሌ አያ ተክለ ጊዮርጊስን አነጋገረች። ስትመለስ ዋኘውን መምህራን ክፍል አገኘችው።

«የላይኛውና የታችኛው ሰፈር በግጦሽ መስክ ተጣልተው ሰው ሞቶባቸዋል» አለችው። «ሽማግሌዎቹ ገና ማስታረቃቸው ነው። ስለ መሬት ሳትናገር በፊት አያ ተክለ ጊዮርጊስን ጠይቃቸው።»

«ሃያ ዓመት አስተምሬ ሰው ፊት መቆም ይጠፋኛል?»

«መቆሙስ አይጠፋህም። የምትለውን አስበህበታል?»

«ሕዝቡን ሳየው ቃሉ ራሱ ይመጣል» ብሎ ሳቀ።

ስብሰባው በሚካሄድበት የገበያ ቀን ሽማግሌው መንገድ ላይ ጠብቀው ሊያነጋግሩት ተጠጉ። ዋኘው ጎንበስ ብሎ ሰላም አላቸውና፣ «ከንግግሩ በኋላ፣ አባቴ» ብሎ ለመድረክ በቆመው የጭነት ማኪና ላይ ወጣ።

ስለ ዲሞክራሲ ጀመረ፤ ስለ ሕገ መንግሥቱ ቀጠለ። የሚያጨበጭብ አልነበረም። አንዳንዱ ወደ እህሉ ተመለሰ። ዋኘው ይመጣል ያለው ቃል አልመጣም። ዓይኑን ሲያንከራትት ከገበያው ማዶ ያለውን የግጦሽ መስክ አየ።

«ያ መስክ የማን ነው?» ብሎ ጮኸ። «የእናንተ አይደለም ወይ? ከብታችሁን ማን ይከለክላል? ግቡበት!»

መሬት የመንግሥት ነው የሚለውን ሕግ መንካቱ ነበር። ጭብጨባው ሲቀልጥ ልቡ ሞላና ደገመው። ሒክማ ከታች ሆና የምታየው ግን ሌላ ነው፤ የሚያጨበጭበው የላይኛው ሰፈር ብቻ ነው። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ዱላቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ይነሳሉ። የሱሪውን እግር ጎተተችው።

«በአላህ ይዤሃለሁ፣ ውረድ!»

በማግስቱ የላይኛው ሰፈር ከብት መስኩ ውስጥ ገባ። ድብድቡ ሲነሳ አያ ተክለ ጊዮርጊስ መሀል ገብተው ለመገላገል ሲሞክሩ ክንዳቸው ተሰበረ፤ ጎንደር ሆስፒታል ተኙ።

ዋኘው ከሒክማ ጋር ሊጠይቃቸው ሄደ። የሚለውን መንገድ ላይ ሲያጠናው ነበር፤ ክንዳቸውን ሲያይ ግን ጠፋው።

«ከየትኛው ሰፈር ወግነህ ነው?» አሉት።

«ከማንም አይደለም። ስለ መንግሥት ነበር የተናገርሁት።»

«ምነው ታዲያ ሳትጠይቀኝ?»

«ተመልሼ ሕዝቡን ይቅርታ ልጠይቅ?» አለ ዋኘው።

«አትምጣ። አሁን ምንም ብትል አንዱ ለእኔ ወገነ ይላል። ነገሩን እኛው ከሥሩ እንጀምረዋለን፤ ዕድሜ ከሰጠኝ።»

ቀጣዩ ስብሰባ ኮላ ድባ ነበር። ዋኘው አስቀድሞ ወርዶ ገበሬውን፣ ነጋዴውን፣ ቄሱን ሲጠይቅ ሰነበተ። በቀኑም ከወረቀቱ ላይ ቀና ሳይል አነበበ። «ዋኘው ዋኘው የሚባለው ይሄ ነው?» እያሉ ብዙዎች ሳይጨርስ ሄዱ።

ከማኪናው ወርዶ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እንዴት ነበር?» አላት ሒክማን።

የሚበታተነውን ሰው ዞር ብላ አየች።

«የተቆጣ የለም» አለችው።