ሞተሩን አሙቆ የሄደው ሹፌር

ጎረቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሞተር ሳያሞቅ መኪና የሚያስነሳ ሰው ሲያይ የራሱን ልጅ የመቱበት ያህል ይከፋዋል። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ክሊኒክ ሲሄድ ነርሷ የደም ግፊቱን ለካችና፣ «በሽታ ገና አይባልም፤ ግን አፋፍ ላይ ነዎት። በእግር ይሂዱ፣ ጨው ይቀንሱ፣ ከወር በኋላ ይመለሱ። ከዚህ ካለፈ አልፈርምም» አለችው።

ወር ሙሉ ሰፈሩን ሲዞር ከረመ። አልሰነፈም። ሚስቱም ጨዉን ከመደበቋ የተነሳ የት እንዳስቀመጠችው ጠፍቶባታል።

በቀጠሮው ቀን አብሬው ሄድኩ። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ሥር ስንደርስ ኮቱን አስይዞኝ ሽቅብ ሮጠ። ወረደ፤ ደግሞ ወጣ።

«ምን ነካህ ሰውዬ?»

«እያሞቅኩ ነዋ። ስፖርት ግፊት ይቀንሳል ተብሎ የለ? ቀዝቃዛ ሞተር ይዤ ምርመራ አልገባም።»

ነርሷ የመለኪያውን ጨርቅ ክንዱ ላይ ጠቅልላ ስትለካ ቅንድቧ ተነሳ። ያደረገውን ሲነግራት ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«አባቴ፣ ሲሮጡ ልብ ደሙን አጠንክሮ ስለሚገፋ ግፊቱ ይወጣል። የሁሉም ሰው እንደዚያ ነው። አፋፍ ላይ ያለ ሰው ሲሆን ደግሞ ብሶ ሊወጣ፣ ልቡም ቶሎ ላይረጋ ይችላል። ስፖርት የሚቀንሰው ካረፉ በኋላ ነው፤ ያውም ሲዘወተር። አሁን ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ይቀመጡ። ወሬ የለም።»

ወሬ የለም የተባለው ተሳፋሪው ሁሉ ቢተኛበት ከመስታወቱ ጋር የሚያወራ ሰው ነው።

«ፈቃዴ ግን...»

«ዝም ይበሉ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ከመሪ ሌላ የጨበጠው ሥራ የለም። ላጽናናው ብዬ፣ «አይዞህ፣ ቢበዛ ትኬት ትቆርጣለህ» አልኩት። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

ነርሷ ወደኔ ዞረች። «እርስዎ ምኑ ነዎት?»

«ጎረቤቱ።»

«ውጭ ይጠብቁ።»

ኮቱን ታቅፌ ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። ከብዙ ቆይታ በኋላ የተፈረመበትን ወረቀት እያራገበ ወጣ።

«ካለፈው ወርም ወርዷል» አለኝ።

«መቼ ወረደ?»

«አንተ በሩን ስትዘጋ።»

ደረጃውን እሱ ጭነት እንደያዘ መኪና ቀስ ብሎ ወረደ። እኔ ቁልቁለት ላይ ማለክለክ ጀመርኩ። ቆም ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ያንተንስ መቼ ነው የምናስለካው?»

መልስ አጣሁ።

«ጎሽ፣ እንደሱ ዝም በል» አለና ኮቱን ተቀበለኝ። «ይወርድልሃል።»