የሽቦ ጣቶች

ወንድሟን ሰፈሩ በሙሉ ሽቦ ነው የሚለው፤ አንድም ቀጭን ስለሆነ፣ አንድም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ስለሆነ። ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የሮክ ባንድ ሲያቋቁም ጊታሩን ራሱ ይዞ፣ ቤዝ ጊታሩን ለእሷ፣ ለታናሽ እህቱ፣ ሰጣት። ጓደኛዋ ልብስ ሰፊዋ ዘፋኝ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ ድራም መቺ ሆኑ። ስማቸውንም «ጓዳ» አሉት። አንድም አሳታሚ ደጃቸውን ሳይረግጥ ስድስት ዘፈን ራሳቸው ቀድተው ኢንተርኔት ላይ ለቀቁ፤ የሰፈሩ ጎረምሳ ሁሉ በቃሉ ያዘው።

በዚያው ሰሞን የሽቦ የቀለበት ጣት አመፀች። ሸሚዝ ሲቆልፍ ደህና ናት፤ ፀጉር የምታህል ሽቦ ሲበይድም ንቅንቅ አትልም። የጊታሩን ክር ስትነካ ግን እንደ ቀንድ አውጣ ጥቅልል ትላለች።

«አጉል ተኝተህባት ይሆናል» አለው ሾፌሩ።

ሽቦ ሳቀ። ሞቅ ባለ ውሃ ዘፈዘፋት፣ በቅባት አሻት፣ ሌት ተቀን ተለማመደ። ልምምዱ ጭራሽ አባሰባት።

እህቱ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። ጠና ያለችው ሐኪም እጁን አገላብጣ አየችና «እጅህስ ምንም አልሆነም፤ የተሳሳተው ከአንጎልህ የሚመጣው ትእዛዝ ነው» አለችው።

«መድኃኒቱስ?» አለች እህቱ።

«የሚያላላ መርፌ አለ። እንደ ድሮው ይጫወታል ብዬ ግን አልዋሽሽም።»

መርፌው የሽቦን ጣት ሲያለዝባት ደግሞ ክሩን መጫን አቃታት። ሽቦ ዘፈኖቹን ያለዚያች ጣት እንዲጫወታቸው አድርጎ አስተካከላቸው። ትንሿ ጣትም እህቷን ተከትላ መጠቅለል ጀመረች።

አዳራሽ ሞልቶላቸው በተጫወቱበት ቀን፣ ሁለተኛው ዘፈን መሐል ላይ ጊታሩ ዝም አለ። እህቱ ዞር ብላ ብታየው የራሱን እጅ እንደ ባዕድ እጅ ትክ ብሎ ያየዋል። ዜማውን በቤዙ ልትሸፍንለት ሞከረች፤ ሳይሆንላት ቀረ። ሰዉ ምንም ሳያውቅ አብሮ እየዘፈነ ያጨበጭባል።

ምትክ ጊታሪስት ያመጣው ሽቦ ራሱ ነው፤ ምትኩም አንድ ጎበዝ የባንክ ሠራተኛ ነው። ሽቦ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዜማውን በአፉ እያንጎራጎረ ያስጠናዋል። «ልክ ነው፣ እንደሱ ነው» ይለውና ልምምዱ ሳያልቅ ውልቅ ብሎ ደጅ ይቆማል።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ ዘፈኑ መሐል ላይ አቆመች። «እሱ ደጅ ቆሞ እኔ እዚህ አፌን መክፈት አልሆነልኝም» አለች። የተቆጣት አልነበረም። ሾፌሩ ቀስ ብሎ ድራሙን መፍታት ጀመረ። ጓዳ ዓመት ሳይሞላው፣ ማንም ከማንም ሳይጣላ፣ በዚሁ ተበተነ።

እህቱ ደጅ ወጣች። «ጋሼ፣ ምን ላድርግልህ?»

«እኔስ ባውቀው መች እደብቅሽ ነበር» አላት።

ከወራት በኋላ ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ጎረምሶች አስቆሟቸው። «መቼ ነው የምትጫወቱት?»

«በቅርቡ» አለች፣ ሌላ የምትለው ቢጠፋት።

ሽቦ እርምጃውን ፈጠን አደረገ። እሷም ልትደርስበት አልሞከረችም።