ፈቃዱን ሊመልስ የሄደው ፎቶ አንሺ

ሰፈሩ «ጋሽ ብልጭታ» ነው የሚለው። ስልክ ሁሉ ካሜራ ከመሆኑ በፊት ሙሽራውም ተመራቂውም ፎቶ ቤቱ ደጃፍ ላይ ይጋፋ ነበር። አሁን የሚመጣለት ጉርድ ፎቶ ፈላጊ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን፣ ማዘጋጃ ቤቱ አደባባዩን በፏፏቴ አሳምራለሁ ብሎ ሱቁን በቆርቆሮ ካጠረበት ወዲህ ጨርሶ ጠፋ። አጥሩ ሲነሣ ደንበኛው አልተመለሰም፤ ግብሩ ግን ጨመረ። ምነው ቢል፣ «ሱቅህ አሁን ፏፏቴ ፊት ለፊት ነው፣ ደረጃው ከፍ ብሏል» ተባለ።

ያን ቀን አንጀቱ ቆረጠ። ደግነቱ የሚስቱ ወንድም ሩቅ ከተማ ባለ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አፈላልጎ አግኝቶላቸው ነበር፤ ዕቃ ግምጃ ቤት፣ ከመኖሪያ ክፍል ጋር። «ቶሎ ኑ፣ ቦታው አይቆይም» አለ። ሚስቱ ከትንሿ ልጃቸው ጋር ዕቃ መሸከፍ ጀመረች፤ እሱ ንግድ ፈቃዱን ሊመልስ ወደ ግብር መሥሪያ ቤት ሄደ።

ሰልፉ ደረጃውን ወርዶ በረንዳውን ዞሯል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ባለሥልጣን ስለ አገሪቱ ዕዳ ያስረዳል፤ «ሁላችንም በጋራ እንሸከመዋለን» ይላል።

«እኔ መቼ ተበደርኩ?» አለች ከፊቱ የቆመች ዳቦ ጋጋሪ። «ዋስ የሆነኝስ ማን ነው?»

«የልጅ ልጅሽም ተበድራለች» አላት አንድ መካኒክ። «ገና አልተወለደችም እንጂ።»

«ለፏፏቴው ከሆነማ አንዴ እንኳ እግሬን ያስነክሩኝ!»

ሰልፈኛው በሳቅ ፈነዳ። ዘበኛው ዞር ብሎ ሲያይ ግን ሁሉም መልሶ ጫማ ጫማውን ማየት ያዘ።

ተራው ደርሶ መስኮቱ ጋ ሲቀርብ፣ የተቀመጠችው ልጅ ትሑት ነበረች።

«ጋሼ፣ ለመዝጋት መጀመሪያ የዘንድሮውን ግብር መክፈል አለብዎት።»

«ልጄ፣ መክፈል አቅቶኝ እኮ ነው የምዘጋው።»

«ገብቶኛል። ማመልከቻዎን እመዘግባለሁ፤ ግን ሳይከፍሉ አይዘጋም።»

«ከየት አምጥቼ ልክፈል?»

«እየሠሩ» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እስከዚያ ደግሞ በሩን እንዳይዘጉት። ተዘግቶ ከተገኘ ቅጣት አለው።»

ደረጃውን ሲወርድ የማዘጋጃ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ገጠመው። «ጋሽ ብልጭታ! አምላክ ነው ያገናኘን። ፏፏቴው ሊመረቅ ነው፣ ፎቶውን አንተ አንሣልን።» የተባለው ክፍያ ግብሩን ልክክ አድርጎ ይሸፍናል። ሚስቱ ስትሰማ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ተመስገን አለች።

በምረቃው ዕለት ውሃው ሽቅብ ተፈናጠረ፤ እንግዶች አጨበጨቡ፤ ሪባን ተቆረጠ። የመጨረሻዋ መኪና ስትወጣ ውሃውም አብሮ ቀጥ አለ። ብልጭታ የፎቶ ወረቀት በዱቤ ወስዶ፣ አሳምሮ አትሞ አስረከበ። ክፍያውስ ቢል፣ «በጀት ሲለቀቅ» አሉት። ላይ ታች አለ፤ በጀቱ የሚለቀቅ አልሆነም።

ቢቸግረው ግብሩን ከፋፍለው ይቀበሉት እንደሆነ ሊጠይቅ ወደዚያችው ልጅ ተመለሰ። ኮምፒውተሯን አየችና ፊቷ ጠቆረ።

«ጋሼ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ውል ፈርመዋል?»

«ፈርሜያለሁ። ሳንቲም ግን አልሰጡኝም።»

«እዚህ ገቢ ተብሎ ገብቷል። በሥራ ላይ ያለ ድርጅት ስለሆነ የመዝጊያ ማመልከቻዎ ወድቋል። በዚህኛው ገቢ ላይም ግብር መጥቷል።»

ብልጭታ ሳቀ። የራሱ ሳቅ አልመስልህ አለው። መስኮቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ «ልጄ፣ እባክሽ፣ መውጫው የት ነው?» አላት።

«ባውቀው ለአባቴ እነግረው ነበር» አለች። «እሱም ልብስ ስፌት ቤት አለው።»

ቤት ሲገባ ሚስቱ በተጠቀለለው ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ወንድሟ ደውሎ ነበር፤ ፋብሪካው ከሰኞ በላይ አይጠብቅም። ብልጭታ የሆነውን ሁሉ ሲነግራት ሳታቋርጠው ሰማችና፣ «ሥራው በስምህ አልተጻፈም» አለች።

«ማለት?»

«ወንድሜን ጠየቅሁት። ዕቃ ገቢና ወጪ የሚያደርግ ሰው ነው የፈለጉት። እሱን እኔም አላጣውም። ፈቃዱ ያንተ ነው፤ በኔ ስም የተያዘ ነገር የለም።»



«ልጃችንስ?» አለ ብልጭታ።

«ከኔ ጋር ናት።»

«እኔስ?»

ሚስቱ ጎንበስ ብላ የታሰረውን ሻንጣ ፈታችና የሱን ልብሶች አንድ በአንድ ከነሱ ልብስ መለየት ጀመረች። አንዱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጥፋ፣ እንደገና ዘርግታ፣ ፊቷን ሸፈነችበት። ብልጭታ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ትከሻዋን ያዘ። እሱም አለቀሰ።

ሰኞ ጠዋት አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣቸውን ተሸክሞ ሸኛቸው። ሴት ልጁ በመስኮት አንገቷን አውጥታ፣ «አባባ፣ አንተ መቼ ትመጣለህ?» አለችው።

«ልክ ሲለቁኝ።»

አውቶቡሱ ከዓይኑ እስኪሰወር ቆሞ ሊያይ ነበር ሐሳቡ። ነገር ግን የግብር ተቆጣጣሪዎቹ ዝግ በር ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩት ጠዋት ነው። ሞተሩ ሳይነሣ የልጁን እጅ ስሞ፣ ሚስቱን በዓይኑ ተሰናብቶ፣ በሩን ሊከፍት ወደ ፎቶ ቤቱ ሮጠ።